«ደካማ አገር ዲፕሎማሲ የላትም»



ዛሬ አንድ የቻይናውያን አባባል እናንብብ። «ደካማ አገር ዲፕሎማሲ የላትም» ይላሉ። ዲፕሎማሲ ማለት አገር ከአገር ጋር ተነጋግሮ ጉዳዩን የሚጨርስበት መንገድ ነው። አባባሉም ጉልበት የሌለው አገር ቢናገር ሰሚ አያገኝም ማለት ነው። እውነት ነው ወይ? ታሪኩን እንይና እናንተው ፍረዱ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቻይና ምሥራቅ ጠረፍ ሻንዶንግ የሚባል ክፍለ ሀገር አለ። ጀርመን በ1898 እዚያ የሚገኘውን የቺንግዳዎን ወደብ አስገድዳ ለ99 ዓመት ተከራየች። በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ጃፓን ጀርመንን አስወጥታ ወደቡን ያዘች።

ቻይና በ1917 በጀርመን ላይ ጦርነት አወጀች። ወደ 140,000 የሚጠጉ ቻይናውያን ሠራተኞች ባሕር ተሻግረው በፈረንሳይ ምሽግ ቆፈሩ፤ ሐዲድ ዘረጉ፤ ጭነት ተሸከሙ።

ጦርነቱ አለቀና በ1919 አሸናፊዎቹ ፓሪስ ላይ ለጉባኤ ተቀመጡ። የቻይናው መልእክተኛ ዌሊንግተን ኩ ሻንዶንግ እንዲመለስ ተከራከረ። ንግግሩን ብዙዎች አደነቁለት። ግን ምን ይሆናል? እንግሊዝና ፈረንሳይ ጃፓንን ለመደገፍ በ1917 በምሥጢር ቃል ገብተው ነበር። የጀርመን መብት ለጃፓን ተሰጠ።

ልብ በሉ! ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሜይ 4 ቀን 1919 ቤጂንግ ላይ 3,000 ያህል ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ። ነጋዴው ሱቁን ዘጋ። የሻንሃይ ወዛደር ሥራ አቆመ። ሕዝቡ የጃፓን ዕቃ አንገዛም አለ። ጁን 28 ቀን የቬርሳይ ውል ሲፈረም የቻይና መልእክተኞች ሳይፈርሙ ቀሩ። ስላልፈረሙም ክርክሩ አልተዘጋም። በ1922 አሜሪካና እንግሊዝ መሀል ገብተው ጃፓን ሻንዶንግን ለቻይና ለመመለስ ተስማማች።

እንግዲህ አባባሉ ግማሹ እውነት ነው። ፓሪስ ላይ ቻይናን ያሸነፋት ጉልበት እንጂ ፍትሕ አልነበረም። በኋላም ቢሆን የኃያላን እጅ አስፈልጓታል። ግን ደካማም ቢሆን አንድ ነገር በእጁ አለ፤ እሱም ፊርማው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ከፊርማው ጀርባ ሕዝብ ካለ እምቢታው ይከብዳል።

እናንተም ከጣት አሻራ ተላቃችሁ ስማችሁን መጻፍ ተምራችኋል። ወረቀት ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ አንብቡት። መብታችሁን የሚወስድ ከሆነ አትፈርሙ።

ደኅና ሁኑ።