የፈሰስ ሥርዓትና የከተማ ጎርፍ፤ ስለ ደሴና ስለ ኮምቦልቻ የዝናብ ውሃ

የደሴ ከተማ በምዕራብ በጦሳ፣ በምሥራቅ በአዝዋ ገደል ተከብባ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ከእርስዋ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ በሜዳ ላይ ተቀምጣለች። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የቦርከና ወንዝ ነው። በደሴ ጣራ ላይ የወረደው የክረምት ዝናብ በኮምቦልቻ ድልድይ ሥር አልፎ ወደ ጨፋ ረግረግ ይወርዳል፤ በመጨረሻም ከአዋሽ ይቀላቀላል።

የወሎ ገበሬ የዝናብን ውሃ የሚገራበት ዘዴ ሁለት ነው። አንደኛው ውሃውን ማቆየት ነው፤ ድንጋይ ክቦ እርከን ይሠራል፣ በማሳና በማሳ መካከል የሣር ድንበር ይተዋል። ሁለተኛው ማሳለፍ ነው፤ ማሳውን ከዘራ በኋላ በሰያፍ ጥልቅ ትልም ያወጣል፤ ይህም ፈሰስ ይባላል። ፈሰስ የት ይውረድ የሚለው ነገር ግን የባለማሳው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ውሃውን በጎረቤቱ አዝመራ ላይ የለቀቀ ሰው ከሽማግሌ ፊት ይቀርባልና፤ ክርክሩም ዘወትር ከላይ ባለውና ከታች ባለው መካከል ነው።

ደሴ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተቈርቍራ ኋላ የንጉሥ ሚካኤል መናገሻ በሆነች ጊዜ፣ የአይጠየፍ አዳራሽ ከፍ ባለ ሥፍራ ተሠራ። ከፍታው የተመረጠው ለክብርና ለጥበቃ እንጂ ጎርፍን በመፍራት አይመስለንም፤ ሆኖም የውሃው መንገድ ለውሃ ቀርቶ ነበር። ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. በቆዩበት ዘመን የመኪና መንገድ ደሴን አቋርጦ ወደ አሥመራ ዘለቀ፤ ወደ አሰብ የሚወስደውም ከኮምቦልቻ ተገነጠለ። ኮምቦልቻን ያሳደጋት ይህ መገናኛ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ መንገድ በተራራ ወገብ ላይ ሲያልፍ ተበታትኖ የሚወርደውን ውሃ በቦይ ሰብስቦ በአንድ ቱቦ አፍ ይለቅቃል፤ ከቱቦውም በታች ቦረቦር ይከፈታል። ኋላ የመጡት የቆርቆሮ ጣራና የአስፋልት አደባባይም ያንኑ ሥራ አበዙት።

ከ1966 ዓ. ም. ረኀብ በኋላ በብዙ የወሎ ተራሮች ላይ በምግብ ለሥራ እርከን ተሠርቷል። ከተማው ግን ከገጠሩ አልተማረም።

ዛሬ «አረንጓዴ መሠረተ ልማት» የሚባለው፣ ቻይናዎችም ከ2006 ዓ. ም. ወዲህ «ሰፍነግ ከተማ» እያሉ የሚደክሙለት አሳብ፣ ዝናብን በወደቀበት ሥፍራ በሣር፣ በዛፍና በጉድጓድ ማቆየት ነው። ለወሎ ገበሬ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሆኖም አሳቡ እንዳለ ቢወሰድ ደሴን ሊጐዳት ይችላል። በጦሳና በአዝዋ ገደል ግርጌ የተከመረው ልቅ አፈርና ድንጋይ ውሃ በጠገበ ጊዜ ይንሸራተታል። እንዲህ ባለ ሥፍራ ውሃን ማስረግ ሳይሆን ማሳለፍ ይገባል፤ ማቆየቱ መሬቱ ጽኑ በሆነበት ሥፍራ ይሁን። እርከኑን ያለ ፈሰስ መዋስ ግማሹን ብቻ መዋስ ነው።

የኮምቦልቻ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የከበደ ነው። ከላይ የደሴን ውሃ ትቀበላለች፤ ከራስዋም የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባባቸው የለዮሌና የወርቃ ጅረቶች በቦርከና ላይ ይጨመራሉ። በ2009 ዓ. ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ሰፊ መሬት በጣራና በንጣፍ ሸፍኗል። የአንድ ማዘጋጃ ቤት ሥልጣን በከተማው ወሰን ያበቃል፤ በጨፋ ከብቱን የሚያጠጣው ሰው ግን ከሁለቱም ከተሞች በታች ነው፤ በገበሬዎቹ ሥርዓት ቢሆን ሁለቱንም ከሽማግሌ ፊት ባቆማቸው ነበር።