በግቢ ውስጥ የተቀበረ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ክዳንን ፈልጎ ስለማግኘት

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን በእንጅባራና በዳንግላ ከተሞች፣ እንደ አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ፣ የመኖሪያ ቤቶች ፍሳሽ የሚወገደው በጋራ የፍሳሽ መስመር ሳይሆን በየግቢው በተቆፈረ ጉድጓድ ነው። በተለምዶ ሴፕቲክ ታንክ በሚባለው ጉድጓድ ዝቃጩ ከታች ይቀመጣል፤ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፤ መካከል ያለው ውሃ ወደ ማስረጊያው ያልፋል። ዝቃጩ ከጥልቀቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ሲይዝ በመኪና መመጠጥ ይኖርበታል። ይህም በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ያጋጥማል።

ክዳኑ በአፈር ከተሸፈነ ወይም ቤቱ ባለቤት ከቀየረ ቦታው ሊረሳ ይችላል። ጉድጓዱ ሲሞላ ፍሳሹ ወደ ቤት ይመለሳል ወይም ወደ ግቢው ይወጣል። ዘወትር ውሃ ከሚቀዳበት የእጅ ጉድጓድ ጋር ተቀራርቦ ሲገኝ ጉዳቱ የቤተሰብ ብቻ ሳይሆን የጎረቤትም ነው።

ፍለጋው የሚጀመርበት ወቅት

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ያሉት የበጋ ወራት ለፍለጋው የተሻሉ ናቸው። በዝናብ ወራት የአካባቢው አፈር ውሃ ስለሚይዝ መሬቱን መለየት ያስቸግራል። ግንቡ ባልተለሰነ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃ ስለሚገባ መኪናው ከዝቃጩ ይልቅ ውሃ ሊስብ ይችላል።

የፍለጋ ቅደም ተከተል

1. በቅድሚያ ሰነድ ማየት። የግንባታ ፈቃድ የተሰጠው ቤት ከሆነ የጉድጓዱ ቦታ በግንባታ ፕላኑ ላይ ሊገኝ ስለሚችል በከተማው ማዘጋጃ ቤት ያለውን ማኅደር መጠየቅ ይጠቅማል። ቤቱን የሠራውን ግንበኛ፣ የቀድሞ ባለቤቱንና ረጅም ዘመን የኖሩ ጎረቤቶችን መጠየቅም ጊዜ ይቆጥባል።

2. የቱቦውን አቅጣጫ መከተል። የመጸዳጃ ቤቱ ቱቦ ከግድግዳው የሚወጣበትን ቦታ መለየት፣ ከዚያም ቁልቁለቱን ተከትሎ መመልከት ያስፈልጋል። ጉድጓዱ ብዙውን ጊዜ ከግድግዳው ጥቂት ሜትሮች ርቆ ይገኛል። ከመሬት ብቅ ያለ የአየር ማስወጫ ቱቦም ጥሩ ምልክት ነው።

3. መሬቱን ማየት። የረገበ ወይም ያበጠ ቦታ፣ በበጋ ሣሩ ያለ ምክንያት የለመለመበት ቦታ፣ ወይም በተቃራኒው በክዳኑ ላይ ያለው አፈር ስስ በመሆኑ ሣሩ ቶሎ የደረቀበት አራት ማዕዘን ቦታ ይመረመራል።

4. በቀስታ መንካት። ቀጭን ፌሮ በእጅ ብቻ እየተጫኑ፣ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ መሬቱን መፈተሽ ይቻላል። ጠንካራ ነገር ሲያጋጥም ዙሪያው ይለካል፤ ድንጋይ ከሆነ ጠርዙ ያልተስተካከለ ይሆናል። ፌሮውን በመዶሻ መምታት ቱቦ ወይም ክዳን ሊሰብር ስለሚችል አይፈቀድም።

5. በአካፋ መግለጥ። አፈሩ በዶማ ሳይሆን በአካፋ በስሱ ይነሣል። ሁለት ክፍል ላለው ጉድጓድ ሁለት ክዳኖች ሊኖሩ ስለሚችሉ አንዱ ሲገኝ ፍለጋው ማቆም የለበትም።

ልዩ ጥንቃቄ

በቆዩ ግቢዎች ጉድጓዱ በኮንክሪት ሳይሆን በባሕር ዛፍ ርብራብና በአፈር የተሸፈነ ሊሆን ይችላል። እንጨቱ ውስጥ ውስጡን ሲበሰብስ ከላይ ደህና መስሎ ይታያል፤ ሰው ሲቆምበት ግን ይደረመሳል። ስለዚህ የረገበ ቦታ ላይ አለመቆም፣ ሕፃናትንና ከብቶችን ማራቅ፣ ፍለጋውንም ለብቻ አለማካሄድ ግዴታ ነው።

በጉድጓዱ ውስጥ ሃይድሮጅን ሰልፋይድና ሜቴን የተባሉ ጋዞች ይጠራቀማሉ። የመጀመሪያው ሰውን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ መጠኑ ሲበዛም የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ ሽታ አለመኖሩ ደህንነትን አያረጋግጥም። ሁለተኛው ተቀጣጣይ ነው። ስለሆነም፦

• ክዳኑ በተከፈተበት ቦታ ሲጋራ፣ ሻማ ወይም ኩራዝ አይበራም።
• ማንም ሰው ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አይመለከትም፤ ለማንኛውም ምክንያት አይገባም።
• ሰው ቢወድቅ እርዳታ ይጠራል እንጂ ተከትሎ አይገባም፤ ተከትሎ የገባ ሰው ሁለተኛው ሟች ሊሆን ይችላል።
• ክዳኑ ተከፍቶ ለአንድ አፍታም ቢሆን ያለ ጠባቂ አይተውም።

ክዳኑ ከተገኘ በኋላ

የክዳኑ ርቀት ከቤቱ ሁለት ማዕዘኖች ተለክቶ በወረቀት ይጻፍ፤ ወረቀቱም ከቤቱ ካርታ ጋር ይቀመጥ። ክዳኑ እንደገና በጥልቅ አፈር ከመቅበር ይልቅ አንገቱ በግንብ እስከ መሬት ወለል ከፍ ብሎ ሕፃን ሊያነሣው በማይችል የኮንክሪት ክዳን ቢዘጋ ይመረጣል። በላዩ ዛፍ አይተከል፤ ተሽከርካሪም አይቁምበት። በግቢው የእጅ ጉድጓድ ካለ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይለካ። በብዙ መመሪያዎች የሚመከረው ቢያንስ 30 ሜትር ሲሆን፣ ከዚያ ያነሰ ከሆነ ውሃው ሳይታከም ለመጠጥ አይውልም።

የመመጠጥ አገልግሎት የሚፈልግ ነዋሪ ለከተማው ማዘጋጃ ቤት ወይም ለውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ሲያመለክት የክዳኑን ቦታ፣ ተሽከርካሪው የሚቆምበት ስፍራ ከክዳኑ ያለውን ርቀትና የመጨረሻው ምጠጣ የተካሄደበትን ጊዜ ቢገልጽ አገልግሎቱ ይቀላጠፋል። የተመጠጠው ዝቃጭ በወንዝ፣ በጎርፍ መውረጃ ወይም በእርሻ መሬት ላይ መደፋት የለበትም፤ የሚደፋበት ቦታ የት እንደሆነ መጠየቅም የነዋሪው መብት ነው።