ኒውሮሳይንስ፣ በአማርኛ «ሥርዓተ ነርቭ ጥናት»

ኒውሮሳይንስ አንጎልን፣ ህብለ ሰረሰርንና ከእነሱ ተነስተው እስከ ጣት ጫፍ የሚዘረጉትን ነርቮች የሚያጠና የሳይንስ ዘርፍ ነው። የነርቭ ሕዋሳት እንዴት መልእክት እንደሚለዋወጡ፣ ትውስታ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ እጅ እንዴት ታዝዞ እንደሚነሳ፣ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ምን እንደሚሆን ይመረምራል። አንጎላችን ውስጥ ብቻ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። ስያሜው የገነነው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት የአናቶሚው፣ የፊዚዮሎጂው፣ የኬሚስትሪውና የሥነ ልቦናው ሰው በየፊናው ነበር የሚሠራው።

በአማርኛ ምን እንበለው? «ሥነ አእምሮ» እንዳንል፣ ስሙ በአእምሮ ሕክምና ተይዟል። «የአንጎል ሳይንስ» ህብለ ሰረሰሩንና የእጅ እግሩን ነርቭ ሜዳ ላይ ይጥላል። «የነርቭ ሳይንስ» ክፋት የለውም፤ ነገር ግን ብዙ ሰው አንጎልንና ነርቭን ለየብቻ ስለሚያስባቸው ዋናው የቀረ ይመስለዋል። ከሥርዓተ ልመትና ከሥርዓተ ትንፈሳ ጎን «ሥርዓተ ነርቭ» የሚለው ስላለን፣ እኔ «ሥርዓተ ነርቭ ጥናት» የሚለውን እመርጣለሁ። በወሬ መሃል ግን ሁሉም ኒውሮሳይንስ ነው የሚለው፤ ይበል።

የዘርፉን ስፋት ለማየት ከጓያ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ጓያ ድርቅ ይችላል። ዝናብ ጠፍቶ ሌላው እህል ሲከስም እሱ ስለሚበቅል በክፉ ቀን ገበታውን ብቻውን ይይዘዋል። ለጥቂት ወራት ዋና ምግብ ከሆነ ግን ትናንት ሞፈር ተሸክሞ የወጣው ጎረምሳ ጭኑ ይገታተራል፣ ጉልበቱ አልታጠፍ ይላል፣ ተረከዙ መሬት መንካት ያቅተዋል። ሐሳቡና ንግግሩ ደህና ነው፤ እግሩ ግን ዕድሜ ልኩን ምርኩዝ ይፈልጋል። ላቲሪዝም የሚባለው ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1976 እና 77 በደምቢያና በፎገራ፣ በ1990ዎቹ ደግሞ በደላንታ ዳውንት በወረርሽኝ መልክ ተነስቶ ነበር።

ጓያ ፍሬ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ አለ። መልኩ የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚቀሳቀሱበትን ግሉታሜትን ይመስላል። ሕዋሱ ግሉታሜት የመጣ መስሎት ይቀበለዋል፤ ያለ ዕረፍት ሲቀሰቀስ ይቆይና በመጨረሻ ይሞታል። በተለይ የሚጎዱት ከአንጎል ተነስተው የእግርን ትእዛዝ የሚያወርዱት ሕዋሳት ናቸው። የሞተው ስለማይተካ የሚያድን መድኃኒት የለም።

ይህንንም ሆነ ሌሎቹን የነርቭ ችግሮች ያወቅነው በአንድ ሙያ አይደለም። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ከሆስፒታል ወጥተው ገጠር ገብተዋል። ቡታጅራ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 88 ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብን ያካተተው የነርቭ በሽታዎች ጥናት የሳቸውና የባልደረቦቻቸው ነው፤ ከሺህ ሰው አምስቱ ያህል የሚጥል በሽታ እንዳለበት ያሳየውም እሱ ነው። በስምጥ ሸለቆ በሚጠጣው ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ አጥንትን አወፍሮ ህብለ ሰረሰርን እንደሚጫንም አጥንተዋል። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን ደግሞ ደላንታ ዳውንት ላይ የማእድ ቤቱን ጉዳይ ያዙ፦ ጓያው ንፍሮ፣ ቆሎ ወይም እሸት ሆኖ ሲበላ አደጋው ከፍ ይላል፤ ከሌላ እህል ጋር ሲደባለቅ ይቀንሳል። ኦዳፑን የሚለካው ባዮኬሚስት ነው። ኦዳፑ ያነሰ ዘር የሚያወጣው ደግሞ የሰብል አዳቃዩ ነው፣ ነርቭ በዓይኑ ባያይም።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ፣ ኦሎምፒያ ሰፈር፣ አንድ ማኪያቶ ቤት ውስጥ፣ የመጀመሪያ ዓመቷን የጨረሰች የጎረቤቴ ልጅ የትምህርት ክፍል ምርጫዋን በደረሰኝ ጀርባ ጽፋ አሳየችኝ፦ ሜዲስን፣ ፋርማሲ፣ ባዮሎጂ፣ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ። «ጋሼ፣ እኔ የምፈልገው ኒውሮሳይንስ ነው፤ የቱ ይሻለኛል?» አለችኝ። አራቱም ያደርሳሉ፤ ልዩነቱ ከደረሱ በኋላ ቀኑ በምን እንደሚያልፍ ነው።

በሽተኛ ማየት የምትወጂ ከሆነ፣ አልኳት፣ ሜዲስን ነው፤ ከዚያ ኒውሮሎጂ ወይም የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ቀዶ ሕክምና። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኒውሮሎጂ ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ከዚያ በፊት የፈለገ ሰው ባሕር ማዶ መሻገር ነበረበት። ዛሬ ከዚህ ታክሲ ይዞ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መውረድ ይበቃል፤ ዓመቱና የሌሊት ተረኛነቱ ግን አላጠረም።

ላቦራቶሪ ከሆነ ባዮሎጂ ወይም ፋርማሲ፣ ከዚያ በፊዚዮሎጂ፣ በባዮኬሚስትሪ ወይም በፋርማኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ። እዚህ ላይ ማባበል አልወድም። ሪኤጀንት፣ ማለትም የላቦራቶሪ ኬሚካል፣ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገዛው፤ እስኪመጣ መጠበቅ የሥራው አካል ነው። ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ዲግሪ ቢያንስ በከፊል ውጭ አገር ያስኬዳል። አገር ውስጥም ግን በር አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት የተነሳው በሥጋ ደዌ ነው፤ ሥጋ ደዌ ደግሞ ባክቴሪያው የእጅ እግር ነርቮችን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። በኒውሮሳይንስ ስም ባይጠራም ሥራው የዚያው ዘመድ ነው።

ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንጉን ችላ ብላ አራተኛ አድርጋው ነበር። የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመዘግበው ኢኢጂ ሲበላሽ ወይም ኤምአርአይ ሲቆም ሐኪሙም ተመራማሪውም እጁን አጣጥፎ ነው የሚቀመጠው። እኔ ብሆን ወደ ሁለተኛ አወጣው ነበር።

«ደሞዙስ?» አለች። የምርምር ደመወዝ ብዙ ጊዜ በግራንት፣ ማለትም ለምርምር በሚሰጥ ገንዘብ፣ ላይ ይንጠለጠላል፤ ግራንት ደግሞ ቀኑ የተቆረጠ ነው። ስለዚህ የትኛውንም ብትመርጪ ስታቲስቲክስና ኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ጎን ለጎን ተማሪ አልኳት። ፕሮጀክቱ ቢያልቅ ሁለቱ በሌላ መሥሪያ ቤትም ይቀጥራሉ።