ዜና ጋፋት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። በዳግማዊ ቴዎድሮስ ዘመን፣ በበጌምድር ምድር፣ ከደብረ ታቦር ብዙም ሳይርቅ ጋፋት በምትባል ስፍራ ስለ ነበረች ታናሽ የክርስቲያን ትምህርት ቤት እንጽፋለን። ስለ ጋፋት መድፍ የተጻፈው ብዙ ነው፤ ስለ ጋፋት ፊደል የተጻፈው ጥቂት። የነገሥታት ዜና ጸሐፊዎች ዘመቻውን፣ ሹመቱንና ሽረቱን መቁጠር ልማዳቸው ነበርና ሀ ሁ የሚል ሕፃን ከብራናቸው አይገባም። እኛ ግን ከሕፃኑ እንጀምራለን።

አስቀድሞ የአገሩ ሥርዓት እንዲህ ነበረ። የእብናት፣ የፋርጣ፣ የሊቦና የጋይንት ሰው ልጁን ማስተማር ሲሻ ወደ ደብሩ የኔታ ይሰደዋል። ልጁም ፊደል ይቈጥራል፤ አቡጊዳ ይላል፤ መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌሉን ያነብባል፤ ከዚያም ዳዊት ይደግማል። ዳዊት የደገመ ልጅ ለአብዛኛው ቤት በቃ ማለት ነው፤ አባቱ ወደ እርሻው ይመልሰዋል። ልቡ የገፋው ግን ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በትሩን ይዞ ከዘመዶቹ ይርቃል። ድጓ ሊያስመሰክር የሻ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የሻ ወደ ዙር አምባ ይወጣል። ቀን በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በየደጁ ይለምናል፤ የመንደር ውሻ ይከተለዋል፤ ማታ በጎጆው ቃሉን ያጠናል፤ ሳይነጋ ከየኔታ ፊት ይቀጽላል። በዓመት አንድ ቀን፣ ነሐሴ 13፣ የደብረ ታቦር በዓል ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል። ተማሪዎች ከልመናቸው ያጠራቀሙትን እህል ጠምቀውና ጋግረው የመንደሩን ሰው ይጠራሉ፤ ሲለምን የከረመው ደጋሽ ይሆናል። በዚህ ሁሉ የሚነበበውና የሚዜመው ግእዝ ነው። አማርኛ የገበያ፣ የችሎትና የጦር ሰፈር ቋንቋ እንጂ የመጽሐፍ ቋንቋ ተብሎ አይቈጠርም ነበር።

ንጉሡም የዚሁ ትምህርት ልጅ ነበረ። ካሳ ተብሎ ሕፃን ሳለ በቸንከር ተክለ ሃይማኖት ፊደል ቈጥሯል፤ ደብሩ በጦር ሲጠፋም አምልጠው ከተረፉት አንዱ እርሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ትምህርቱ ጦር ሆነ።

በ1847 ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ካሳ በደረስጌ ማርያም ተቀብቶ ቴዎድሮስ ተባለ። በዚያው ዓመት ሁለት ጀርመኖች፣ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍና ማርቲን ፍላድ፣ ወደ ደብረ ታቦር መጥተው ከፊቱ ቆሙ። የላካቸው ሳሙኤል ጎባት ነው። ይህ ሰው ቀድሞ በአገራችን ተቀምጦ አማርኛ የተማረ፣ በኋላም በኢየሩሳሌም የእንግሊዝና የፕሩስያ ጳጳስ ሆኖ የተሾመ ነው። ምክሩም ይህ ነበር፤ ካህናትን ከመስደድ ይልቅ በእጃቸው ሠርተው የሚበሉ፣ መጽሐፍ የሚያነብቡና የሚያስነብቡ ምእመናንን መስደድ። እንዲህ ያሉ ሰዎች የሚሠለጥኑበት ቤት በስዊስ አገር፣ በባዝል ከተማ አጠገብ፣ በቅድስት ክሪሾና ኮረብታ ላይ ነበረ።

ንጉሡ ባለ እጆችን ወደደ፤ ሰባኪ ግን አልፈለገም። የሃይማኖቱንም ነገር ወደ አቡነ ሰላማ መራው። አቡኑ በካይሮ ሳለ በእንግሊዝ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሮ ስለ ነበር ሰዎቹ አላስደነገጡትም፤ ባለሙያዎች ሆነው ይምጡ ብሎ ፈቀደ። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ የካቶሊክ መምህራን ተሰድደው ነበርና፣ ፈቃዱ የሃይማኖት ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ምክርም እንደ ነበረበት አስተዋይ ያውቃል።

በ1848 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በቅድስት ክሪሾና የሠለጠኑት ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንስለን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ጭነው መጡ። ይህ መጽሐፍ አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በካይሮ ብዙ ዓመት ደክሞ ወደ አማርኛ የመለሰው ነው። እርሱ ከሞተ በኋላ የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ወንጌላቱን፣ ቀጥሎ ሐዲስ ኪዳንን፣ እ.ኤ.አ. በ1840 ደግሞ ሙሉውን አሳተመው። ንጉሡም እነዚህን መጻሕፍት ያየበት ዓይን ከመጽሐፍ ይልቅ ባሩድ እንደሚመኝ ሰው ዓይን ነበር ሲሉ በጊዜው የነበሩ የውጭ ሰዎች ጽፈዋል። እውነትም ይመስላል፤ አገር በጦር የሚያቀና ሰው ምን ሊመኝ ኖሯል?

በ1851 ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ከዚያው ቤት ቴዎፊል ዋልድማየርና ካርል ዛልሙለር መጡ። ንጉሡም ባለ እጆቹን በጋፋት አሰፈራቸው፤ ቤትና የሥራ ቤት ሠሩ፤ አገሬውም በጊዜው ለመዳቸው። በ1852 ዓ.ም. ዋልድማየር የሊቀ መኳስ ዮሐንስን ልጅ አገባ። ይህ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ እንግሊዛዊው ጆን ቤል ነው፤ ሚስቱ ኢትዮጵያዊት፣ እርሱም የንጉሡ የቅርብ ባለሟል ነበረ። በ1853 ዓ.ም. በንጉሡ ላይ ከሸፈተው ከጋረድ ጋር በተደረገው ውጊያ ከንጉሡ አጠገብ ወደቀ። ዛልሙለርም የቤልን ሌላ ልጅ አገባ። ስለዚህ በጋፋት ከተወለዱት ሕፃናት ብዙዎቹ ባንድ ወገን የአገሬው፣ በሌላው ወገን የፈረንጅ ነበሩ፤ አማርኛ ግን አፍ መፍቻቸው ሆነ።

የትምህርት ቤቱ ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው። የባለ እጆቹ ልጆች፣ ወላጅ ያጡ ሕፃናት፣ የሎሌዎቹ ልጆች፣ ንጉሡ ሙያ እንዲለምዱ የሰጣቸው ወጣቶች ባንድ ስፍራ ተሰበሰቡ። ንባብ በአማርኛ ተማሩ፤ መጽሐፍ ቅዱስንም በሚናገሩት ቋንቋ አነበቡ። ከሥራ ቤቱ ደግሞ ብረት መቀጥቀጥ፣ እንጨት መጥረብ፣ ግንብ መገንባት ለመዱ። አንባቢ ይህን እንደ ቀላል ነገር እንዳያልፈው። በዚያ ዘመን ብረት ቀጥቃጭ ጠይብ እየተባለ ይናቅ፣ ቡዳ እየተባለ ይፈራ ነበር፤ ዳዊት የደገመ ልጅ መዶሻ አይጨብጥም፤ መዶሻ የጨበጠም ዳዊት አይደግምም። በጋፋት ግን መጽሐፉና መዶሻው ባንድ ልጅ እጅ ገቡ። በእኔ ሚዛን ከጋፋት ሥራ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ከመድፉም ይበልጣል።

የሚታዘንበትም አለ። ትምህርት ቤቱን ሁሉም ለሌላ ነገር ይፈልገው ነበር። ንጉሡ መድፍ ሠሪ እንዲያወጣለት፣ ሚሲዮናውያኑ መጽሐፍ አንባቢ፣ በኋላም በአንባቢው በኩል የቤተ ክርስቲያን መታደስ እንዲያወጣላቸው። ለልጆቹ ብሎ ያቆመው ሰው ከነበረ ድምፁ አልተሰማም። ታናሽ ሆኖ የቀረውም ተማሪ ጠፍቶ አይመስለኝም።

ከዚህም በኋላ ንጉሡ መድፍ አፍስሱልኝ አላቸው። ባለ እጆቹ እኛ አናውቅም አሉ፤ የተማሩት አናጢነት፣ ግንበኝነትና አንጥረኝነት ነበርና። ንጉሡም እነርሱን ትቶ ሎሌዎቻቸውን አሰረ፤ እስኪሞክሩም አልፈታቸውም። ሞከሩ፤ የመጀመሪያው ምድጃ ሳይሆን ቀረ፤ ደግመው ደጋግመው በመጨረሻ ተሳካላቸው። ንጉሡ እጅግ ደስ አለው፤ ሸለማቸው፤ በየጊዜውም የሥራውን ነገር ሊያይ ወደ ጋፋት ይወርድ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጋፋት የእሳት ቤት ሆነች። መጽሐፉን የሚያስነብቡትና ከምድጃው ፊት የሚቆሙት እነዚያው ሰዎች ነበሩና፣ ጧት መዶሻ የተጠራበት ቀን ለፊደል ምን ያህል ጊዜ እንደሚተርፍ አስተማሪ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

በ1858 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ የንጉሡና የእንግሊዝ ነገር ተበላሽቶ ቆንስሉና ሌሎችም ታስረው ሳሉ፣ ንጉሡ ተጨማሪ ባለ እጆች እንዲያመጣለት ፍላድን ወደ እንግሊዝ ላከው። ሚስቱ ፓውሊንና ልጆቹ ግን እንደ መያዣ ሆነው በጋፋት ቀሩ። ፍላድ ተመለሰ፤ ባለ እጆቹም እስከ ምጽዋ መጡ፤ እስረኞቹ ስላልተፈቱ ግን ወደ ውስጥ ሳይገቡ ቀሩ።

በ1859 ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ነገር ሁሉ ከፋ። ንጉሡ ጎንደርን አቃጠለ፤ የአብያተ ክርስቲያናቱን ዕቃና መጻሕፍት ወሰደ። የበጌምድር ገበሬ ሸፈተ፤ ወታደሩ በየሌሊቱ ከዳ። ንጉሡም ጨከነ፤ ስለ ጭካኔው እዚህ አንዘረዝርም፤ የፋርጣና የእብናት አገር እስከ ዛሬ ያወራዋል። በዚያው ዓመት ባለ እጆቹን ከጋፋት አንሥቶ ወደ ደብረ ታቦር አዛወራቸው። ጋፋት ባዶ ቀረች። የትምህርት ቤቱ ዜና እዚህ ላይ ይቆማል።

በ1860 ዓ.ም. መስከረም ሲያልቅ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥሎ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመረ። የጋፋት ሰዎች ያፈሰሱት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ፣ ክብደቱ 7 ቶን ያህል፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ አብሮ ሄደ። መንገድ በሌለበት መንገድ እየተጠረበ፣ የጅጣን ሸለቆና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጥተው መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። በጋፋት የተማሩ እጆች የመጨረሻ ሥራቸው ያ መንገድ ሆነ። እስረኞቹን ሊያስፈታ የመጣው የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግሥት፣ ንጉሡ በገዛ እጁ ሞተ። መድፉ እስከ ዛሬ በመቅደላ አለ።

ባለ እጆቹ ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ዋልድማየር ከመውጣቱ በፊት የአገው ቋንቋ ቃላት ሰብስቦ ነበር፤ በዚያው ዓመት በቅድስት ክሪሾና ታተመ። ከዚያም ወደ ሊባኖስ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1873 በብሩማና መንደር ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ያ ትምህርት ቤት ዛሬም ያስተምራል። በበጌምድር ያልጸናለት በሊባኖስ ጸናለት፤ የሚጎትቱት መድፍ እዚያ አልነበረም።

ከሚሲዮናውያኑ እጅ ካደጉት ኢትዮጵያውያን ስማቸው የደረሰን ጥቂቶች ናቸው። ሚካኤል አረጋዊ በፍላድ ቤት አደገ፤ በቅድስት ክሪሾና ተማረ፤ ተመልሶም በደምቢያ ሲያስተምር ኖረ። ገብሩ ደስታ በኢየሩሳሌምና በቅድስት ክሪሾና ተምሮ የአፄ ምኒልክ መልእክተኛ ሆኖ ወደ ሱዳን መሐዲስቶች ሄደ፤ በኋላም የጎንደር ከንቲባ ሆነ። በዚያው በቅድስት ክሪሾና እ.ኤ.አ. በ1899 ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ። አማርኛም በቴዎድሮስ ዘመን የታሪክ መጻፊያ ለመሆን በቃ፤ ደብተራ ዘነብ የንጉሡን ዜና በግእዝ ፈንታ በአማርኛ ጻፈው።

ዛሬ የጋፋት ስም አልጠፋም። የጦር መሣሪያ ፋብሪካ በስሟ ተጠርቷል፤ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም የቴክኖሎጂ ተቋሙን ጋፋት ብሎታል። ሁለቱም የብረቱን ወገን ይዘዋል፤ ፊደሉን ያነሣ የለም።

አንባቢ ሆይ፤ በደብረ ታቦር፣ በፋርጣ ወይም በእብናት የምትኖር ከሆንህ፣ ከአያቶችህም መካከል በጋፋት ፊደል ቈጥሮ ወይም መዶሻ ይዞ ያደገ እንደ ነበረ የሰማህ ከሆነ፣ ስሙን ከነአባቱ፣ የተማረውንና በኋላ የሆነውን ጽፈህ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት አስረክብ። ሽማግሌ በቤትህ ካለ ዛሬውኑ ጠይቅ።