የዶሮ እምነት

“ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት” የሚለውን ተረት ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንደተነተንኩላቸው አላስታውስም። አታላዩ እኔ መሆኔ የገባኝ ግን ጡረታ ወጥቼ፣ በአንድ የፋሲካ ዋዜማ ነው። ጓሮዬ ካደጉት ዶሮዎች አንዷን ለመያዝ ግማሽ ሰዓት ሮጥኩ። ቀይዋ አጥር ዘለለች፤ ገብስማዋ እንጨት ክምር ሥር ገባች፤ እኔ ጭቃው ላይ ተዘረርኩ። ጎረቤታችን በአጥሩ አሻግረው ሲያዩኝ ቆይተው፣ “መምህር፣ እርስዎ እኮ የሚጠጓቸው ቢላ ሲስሉ ብቻ ነው” አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እንዲያውም ታሪክ ከእሳቸው ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ እስካሁን እጅግ ጥንታዊ የሆነው የለማዳ ዶሮ አጥንት የተገኘው ታይላንድ ውስጥ ባን ኖን ዋት በተባለ ሥፍራ ነው፤ ዕድሜውም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1650 እስከ 1250 ይደርሳል። የጫካዋን ዶሮ ወደ ሰው ያቀረባት ወጥመድ ሳይሆን የሩዝና የሚሌት እህል ሳይሆን አይቀርም። ወደኛም አገር ቀደም ብላ ነው የገባችው፦ ትግራይ ውስጥ መዝብር በተባለ ሥፍራ የተገኘው አጥንቷ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ዓመት ይገመታል። አውሮፓ በደረሰች ጊዜማ ብዙ ዘመን ሳትበላ ኖራለች። ዩልየስ ቄሳር ራሱ ብሪታንያውያን ዶሮ መብላት ነውር ነው ይሉ እንደነበር ጽፏል። እንግዲህ መጀመሪያ የመጣው ጥሬው ነው፤ ካራው በኋላ ተከተለ።

ጎረቤቴ ያስተማሩኝም ይህንኑ ነው። ቁጭ ይበሉ፤ ዶሮ ከላይ የሚመጣባትን ሁሉ ጭልፊት ነው የምትለው። ጥሬውን መጀመሪያ እግርዎ አጠገብ፣ ኋላ መዳፍዎ ላይ ያድርጉ። በየቀኑ በዚያው ሰዓት ይምጡ። ማንሳት ካለብዎት ሲመሽ ቆጡ ላይ፣ አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ ሌላው ክንፏን አቅፎ። እንደ ገበያው እግሯን ጠፍሮ ቁልቁል ማንጠልጠል የለም። ወፍ እንደኛ ደረትና ሆድን የሚለይ የመተንፈሻ ጡንቻ ስለሌላት፣ ስትዘቀዘቅ የሆድ ዕቃዋ የአየር ከረጢቶቿን እየተጫነ ያፍናታል።

ስዊድን ውስጥ በሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ የጫካ ዶሮዎችን ሰው በማይፈሩት እየመረጡ አራቧቸው። በአሥር ትውልድ ውስጥ የማይፈሩት አንጎላቸው ከሰውነታቸው አንጻር አንሶ ተገኘ። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ማመን ዋጋ ያስከፍላል ማለት ነው? ወዲያው ተማሪዎቼ ትዝ አሉኝ። ስንቱ ነው ቀይ እስክሪብቶዬን ብቻ ሲያይ ኖሮ፣ ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ እንደ ቀይዋ ዶሮ አጥር የዘለለ!

ሦስት ወር ፈጀብኝ፤ ገብስማዋ ዛሬ ክንዴ ላይ ቆማ ትበላለች። በዓል ሲደርስ ግን ሌላ ዶሮ ከገበያ ገዛሁ። ባለቤቴ አየችኝና፣ “ያችኛዋስ ነፍስ የላትም?” አለችኝ።

አንገቴን ደፋሁ። ዶሮዋን ግን እግሯን ጠፍሬ አላመጣኋትም፤ አቅፌ ነው ያመጣኋት።