ሚቅያስ፦ በካይሮ የተመዘገበው የእኛ ክረምት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ሐምሌና ነሐሴ ላይ በሀገራችን ደጋ የሚወርደው ዝናብ በዓባይና በተከዜ አድርጎ ግብጽ ይደርሳል። እዚያ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ግብጾች ዘንድሮ እንጠግባለን ወይስ እንራባለን የሚለውን የሚያውቁት ወንዙን በመለካት ነበር። ዛሬ የምናወራችሁ ሙስሊሞች ስለሠሩት መለኪያና ከሱ ስለምንማረው ነገር ነው።

በካይሮ በሮዳ ደሴት ላይ ሚቅያስ የሚባል ሕንፃ አለ። በዚያው ደሴት በበኒ ኡመያ ዘመን የተሠራ ሌላ መለኪያ ነበር። የአሁኑን በ247 ሒጅራ (861 እ.ኤ.አ.) ያሠራው የዐባሲያው ኸሊፋ አል-ሙተወኪል ሲሆን፣ ሥራው በታላቁ የሥነ ፈለክ ዐሊም በአል-ፈርጋኒ ስም ይታወቃል። አሠራሩ ቀላል ነው። በድንጋይ የተገነባ ጥልቅ ጉድጓድ አለ፤ የወንዙ ውሃ በሦስት ቦዮች ይገባበታል። መሐሉ ላይ ስምንት ማዕዘን ያለው የእብነ በረድ ዓምድ ቆሟል፤ ዓምዱ ላይ የክንድና የጣት ምልክት ተቀርጿል። ግድግዳው ላይ ስለ ዝናብና ስለ አዝመራ የሚናገሩ የቁርኣን አያዎች በኩፊ ጽሑፍ ተጽፈዋል። ቁርኣኑና መለኪያው አንድ ቤት ውስጥ ነበሩ። ለዲንና ለዕውቀት ሁለት ቤት የሠራነው እኛ የኋለኞቹ ነን።

የመጀመሪያው ጠባቂ አቡ ረዳድ የሚባል ከበስራ የመጣ የሐዲስ ሰው ነበር። ከሱ በኋላ ሥራው ለልጅ ልጆቹ እየተላለፈ ለብዙ መቶ ዓመታት በዚያው ቤተሰብ ውስጥ ቆየ። ሐዲስ የሚያስተላልፍ ሰው አንድ ቃል እንዳይጨምር፣ አንድ ቃል እንዳይቀንስ ይጠነቀቃል። የውሃው ቁጥርም ያንኑ ጥንቃቄ ይፈልግ ነበር።

ምክንያቱም በቁጥሩ ላይ የሚንጠለጠለው ነገር ብዙ ነው። ውሃው 16 ክንድ ከሞላ መሬቱ ይጠጣል፤ መንግሥትም ኸራጅ ማለትም የመሬት ግብር ይሰበስባል። ከዚያ ካነሰ ረሃብ ይሰጋል። በጣም ከበዛ ደግሞ ጎርፍ ነው። በክረምቱ ወራት አዋጅ ነጋሪዎች ውሃው ዛሬ ስንት ጣት እንደ ጨመረ በከተማው እየዞሩ ይናገሩ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ችግር መጣ። ውሃው ለጥቂት ቀናት መጨመሩን ሲያቆም ነጋዴው እህሉን ይደብቃል፣ ያለው ይሸምትና ያከማቻል፣ ዋጋው ይሰቀላል። ውሃው ሳይጎድል ሰው ይራባል። በ362 ሒጅራ (973 እ.ኤ.አ.) የፋጢሚዩ ገዥ አል-ሙዒዝ 16 ክንድ ሳይሞላ በአደባባይ እንዳይነገር ከለከለ። ልክ ነበር ወይስ አልነበረም ብለን ልንከራከር እንችላለን። ኢሕቲካር፣ ማለትም ዋጋ እስኪወደድ ብሎ የሰውን ምግብ መደበቅ፣ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲስ የተወገዘ ወንጀል መሆኑን ግን ሁላችንም እናውቃለን። በሽታው የነበረው ገበያው ውስጥ ነው።

በ596 ሒጅራ (1200 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ውሃው በእርግጥም ጎደለ። ያኔ ካይሮ የነበረው የባግዳዱ ሐኪም ዐብዱለጢፍ እንደ ጻፈው፣ የዚያ ዓመት ከፍታ 12 ክንድ ከ21 ጣት ብቻ ነበር። የተከተለውን ረሃብ፣ ሰው ሬሳ እስከ መብላት መድረሱን፣ በዓይኑ አይቶ መዝግቧል። ከሙላቱ በፊት የወንዙ ውሃ አረንጓዴ ሆኖ መሽተቱንም ልብ ብሎ፣ ምክንያቱን ከምንጩ አካባቢ ዝናብ ማነስ ጋር አያይዞታል። ያ ምንጭ የእኛ ሀገር ነው። እኛ ዘንድ ክረምት ሲከዳ እዚያ ቀብር ይበዛል።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የመጣው አል-መቅሪዚ የካይሮ ሙሕተሲብ፣ ማለትም የገበያ ተቆጣጣሪ፣ ሆኖ የሠራ ዐሊም ነው። ስለ ረሃብ በጻፈው መጽሐፍ፣ በሱ ዘመን ለደረሰው መከራ መርዘም ሦስት ምክንያት ቆጠረ፦ ሹመት በጉቦ መሸጡ፣ የመሬት ኪራይ መናሩ፣ የመዳብ ገንዘብ ገበያውን መሙላቱ። የዓባይ መጉደል መከራውን ይጀምረዋል፤ የሚያስረዝመው ግን የሰው እጅ ነው ማለቱ ነው።

የተመዘገቡት ቁጥሮችም አልጠፉም። ከ622 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው መዝገብ በዓለም ካሉት እጅግ ረጅም የወንዝ መዝገቦች አንዱ ነው። ኸርስት የተባለ እንግሊዛዊ የውሃ ባለሙያ በ1951 ይህን መዝገብ ከሌሎች ጋር መርምሮ፣ የጥጋብ ዓመታት ተከታትለው፣ የድርቅ ዓመታትም ተከታትለው የመምጣት ዝንባሌ እንዳላቸው አሳየ። በኋላ የሒሳብ ሊቃውንት ይህን ጠባይ በነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ስም ጠሩት። ሱረቱ ዩሱፍን የቀራ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም።

ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ሕልሙን ፈትቶ ብቻ አልተወም። እህሉ በዛላው እንዲቀመጥ መከረ፤ የጎተራውንም ኃላፊነት ታማኝና ዐዋቂ ነኝ ብሎ ጠየቀ። ታማኝነትና ዕውቀት፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ዕውቀት ብቻውን ያለው የጎደለውን ውሃ አይቶ እህል ይደብቃል። ታማኝነት ብቻውን ያለው ደግሞ ረሃቡ በር ላይ ሲደርስ ነው የሚሰማው።

ወጣቶች ሆይ! ዛሬም በሀገራችን ወንዞች ዳር በቀለም የተሰመረ መለኪያ እያነበቡ ቁጥር የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ስማቸውን ማንም አያውቀውም። የውሃ ምሕንድስናና የአየር ትንበያ የምትማሩ፣ ይህ የአቡ ረዳድ ሥራ ነው፤ ኒያችሁን አሳምሩበት። በንግድ ያላችሁ፣ ዝናብ ዘገየ የሚለው ወሬ ሲመጣ መጋዘናችሁን አትዝጉ። በስልካችሁ ወሬ የምትቀባበሉም፣ ቁጥሩን ሳታጣሩ አታሰራጩ፤ ያ ወሬ ገበያ ላይ ሲደርስ የዳቦ ዋጋ ይሆናል።

አላህ ክረምታችንን የበረከት ያድርገው፤ አማናን ከሚወጡት ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።