የርብ ወንዝና የይፋግ ሜዳ

ይፋግ በ19ኛው መቶ ዓመት ከታወቁት የበጌምድር ገበያዎች አንዷ ነበረች። በአቅራቢያዋ የሚያልፈው ርብ ከጉና ተራራ ተነሥቶ በፎገራ ሜዳ አድርጎ ጣና ይገባል። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ችግሩ ወንዙን መሻገር ነበርና የድንጋይ ድልድይ ተሠራለት። የዛሬው ችግር ግን ወንዙ ይዞት የሚወርደው አፈር ነው። ደለል የወንዙን ወለል ስለሚሞላው በክረምት ውሃው ከዳር ይወጣል፤ በ1998 ዓ.ም. ፎገራንና ሊቦ ከምከምን አጥለቀለቀ። ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያም በ2003 ዓ.ም. ግድም በጣና ላይ የታየውን እምቦጭ ይመግበዋል። በርብ ላይ የተሠራው ግድብ ለመስኖ ይጠቅማል፤ ዳሩ ግን የላይኛው ተዳፋት እንደ ተራቈተ ከቀረ ደለሉ ግድቡንም መሙላቱ አይቀርም። ስለዚህ የይፋግን ሜዳ ለማዳን ሥራው ከጉና ተዳፋት መዠመር አለበት እንላለን።